«ትንሽ አሟቸዋል» ተብለን ወደ መርሳ የሄድንበት ሳምንት

መርሳን የሚያውቃት ሰው ይህን ባያነብልኝ ቅር አይለኝም። የምጽፈው እንደ እኔ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ፀጉሩ ለሸበተና ወሎን በዘፈን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነው። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን ሳስበው ግማሹ ያስቀኛል፤ ግማሹ ደግሞ ሆዴን ያባባዋል።

ሥራዬ ማስተማር ነው። የማስተምረው ትምህርት ፕራግማቲክስ ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው የተናገረው ቃል፣ ማን ለማን፣ የትና መቼ እንደተናገረው ታይቶ ምን ማለት እንደሚሆን ማጥናት ነው። እንግዳ ቤታችሁ ገብቶ «ዛሬ እንዴት ይበርዳል!» ቢላችሁ ስለ አየሩ ማውራቱ ላይሆን ይችላል። መስኮቱን ዝጉልኝ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለተማሪ ሳስረዳ ስንት ዓመቴ! በዚህ ነገር የሚያታልለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ከጎኔ ለሚቀመጠው ለደምሴ ስልክ ተደወለለት። ደምሴ የሒሳብ መምህር ነው። የሰሜን ወሎ፣ የሐብሩ ወረዳ ልጅ ነው፤ የተወለደው ከመርሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። የደወለችው እህቱ ዘነበች ነበረች፤ ድምጿ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ይሰማ ነበር።

«አባ ትንሽ አሟቸዋል። ብትመጣ ጥሩ ነው።»

«እስቲ አቅርቢልኝ፣ ላናግራቸው።»

«አሁን ተኝተዋል።»

ደምሴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መርዶ በስልክ እንደማይነገር እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቱ የሞተበት ሰው «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ይጠራና አገሩ ይደርሳል፤ ከዚያ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይነገረዋል። ደምሴ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ቢደውል ስልኩ ተዘግቷል። ባልደረቦቻችን በየተራ መጥተው ትከሻውን ያዝ እያደረጉ «አይዞህ፣ ይሻላቸዋል» አሉት። በዚያ አነጋገር የሚሻለው ሰው እንደሌለ ሁላችንም ገብቶናል። «ብቻውን አይሂድ» ተባለና በዕድሜ ትልቁ እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ደረሰ። ቦርሳዬን ሳዘጋጅ ጥቁር ኮቴን ከልብሶቼ ሁሉ ሥር ሸሸግኩት።

ሐሙስ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሚኒባስ ተነሣን። እኔ ከፊት ካልተቀመጥኩ ራሴን ያመኛል፤ ያም ሆኖ የፊቱን ወንበር ለደምሴ ለቀቅኩለት። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁኝ።

«መርሳ ነን። የእሱን አባት ትንሽ አሟቸው ነው» አልኩ።

«እህ» አሉ ሴትዮዋ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ አላየሁም፤ ብቻ ወሬው ከወንበር ወንበር ተሻግሮ ሾፌሩ ጋ ደረሰና ሙዚቃው ተዘጋ። እንደዚያ ያለ ጸጥ ያለ ሚኒባስ ተሳፍሬ አላውቅም። ደብረ ሲናን ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ቢወርድ እሱም ተንፍሷል። አዲስ አበባ ቢሆን ሾፌሩ በአባቱም በእናቱም ይሰደብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ለደምሴ ሲሉ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ ብርቱካን ልጠው ሰጡት። አንድ ወታደር ጥላ ሥር ድንጋይ አመቻቸለት።

«ጋሼ» አለኝ ደምሴ ብርቱካኑን እንደያዘ፣ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ።»

«ምን ያውቃሉ? ታመዋል ነው የተባለው» አልኩት። ውሸት አልችልበትም፤ ፊቴን ወደ መኪናው አዞርኩ።

«ሁለት ዓመት አላየኋቸውም። በደወልኩ ቁጥር ‹አትምጣ፣ መንገዱ ያደክምሃል፣ ሥራህን ያዝ› ይሉኛል። እንደዚያ ሲሉ ‹ና› ማለታቸው እንደሆነ ጠፍቶኝ ይመስልሃል? ልጃቸው አይደለሁም? የተመቸኝን ሰማሁ።»

ክፍል ውስጥ ስለሚሳሳት ሰሚ ብዙ ብያለሁ፤ አሳምሮ ገብቶት ሳለ ቃሉን መሸሸጊያ ስለሚያደርግ ሰሚ ግን አንድ ቀን አስተምሬ አላውቅም። ወዲያውም የራሴ እናት በስልክ የሚሉኝ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ከሚሴ ምሳ በላን፤ ማለት እኔ በላሁ። ደሴ ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ደምሴን አንድ ጊዜ አየት አድርጋ ምንም ሳትጠይቅ ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣችለት። ለእኔ ማንም አላመጣም። ለሐዘንተኛ እንጂ ለአጃቢ የሚያዝን የለም፤ ተኮራምቼ አደርኩ።

ዓርብ

ከደሴ በጠዋት ወጣን። ሐይቅን፣ ውጫሌን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ብርዱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ውርጌሳ ላይ መኪናው ለሻይ ቆመ። ማሽላው በመንገዱ ግራና ቀኝ ራሱን ደፍቶ ቆሟል፤ ፓፓያ እንደ እኛ ሰፈር ድንች በየደጁ ተከምሯል። ለደምሴ ሻይ ባዝዝለትም እየቀዘቀዘ ቀረ።

መርሳ ስንወርድ ነው ነገር የተበላሸው። ደምሴ እግሩ መሬት እንደነካ ድምፁን ለቆ አለቀሰ። እኔ ደግሞ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እንግዲህ መሸሸግ ምን ያደርጋል ብዬ ቦርሳዬን ከፍቼ ጥቁር ኮቴን አውጥቼ ለበስኩ። በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት የሚለብስ ሰው ለምን እንደሚለብስ ይታወቃል። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ደምሴን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ብድግ አለች።

«የአያ ሞላ ልጅ አይደለም እንዴ? ውይ! ውይ አያ ሞላ!» ብላ ደረቷን መታች።

አንድ ባጃጅ አጠገባችን መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ቦርሳችንን ራሱ ጫነ።

«አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር» ይለዋል እየነዳ። አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፤ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ደምሴ አብሽር በተባለ ቁጥር ያለቅሳል። በመንገድ ላይ ሌላ ባጃጅ ያቺን ሽንኩርት ሻጭና ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ጭኖ አቧራ እያስነሣ አለፈን። ሾፌራችን ሂሳብ ስሰጠው «ነውር አይደል!» ብሎ ተመለሰ።

ግቢው ስንደርስ ሃያ የሚሆን ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ደምሴ «አባዬ!» ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ለቅሶው ጨመረ። እኔም እንባዬ መጣ፤ የማላውቃቸውን ሰው ከልቤ አለቀስኩላቸው።

በዚህ መካከል የቤቱ በር ተከፈተና ጋቢ የደረቡ፣ ምርኩዝ የያዙ ረጅም ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አሉ።

ለቅሶው ቆመ። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት ጮኻ ወደ አጥሩ ሸሸች። ደምሴ ተንበርክኮ እንዳለ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዘነበች በጓሮ በኩል ጀሪካን እንዳዘለች እየሮጠች መጣች።

«ታመዋል አልኩህ እኮ!» አለችው ወንድሟን።

«ታመዋል ብለሽ ማን ያምንሻል?»

«ታዲያ ለታመመ ሰው ምን ይባላል? ሌላ ቃል አለ?»

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። የዚህ ነገር አስተማሪ እኔ ነኝና መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነበር። መጀመሪያ የሳቁት ከለቀስተኛው መካከል የነበሩት ጎረቤታቸው አዛውንቱ አያ እንድሪስ ናቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ካለቀስንም አልቅሰናል፤ ጉሮሯችን ደርቋል፣ ውሃ ስጡን» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የደምሴ አባት አቶ ሞላ ግን አልሳቁም። ኮቴን ሲያዩት ቆዩ።

ነገሩን ዘነበች አስረዳችን። አቶ ሞላ ለብዙ ዓመት ቡአ፣ ማለት አንጀት በብሽሽት በኩል የሚወጣበት ሕመም፣ ነበረባቸው። አፍረው ለማንም ሳይናገሩ በመቀነት ጥብቅ አድርገው አስረው ሲያርሱ ኖረዋል። ረቡዕ ጠዋት አንጀታቸው ወጥቶ አልመለስ አለ፤ መርሳ ጤና ጣቢያ በመከራ መለሱላቸውና የሕመም ማስታገሻ ወጓቸው፤ ተኝተዋል የተባለውም ለዚህ ነው። ስልኩ የተዘጋው መብራት ጠፍቶ ነው። ሐኪሙ «ዳግመኛ ከወጣ ላይመለስ ይችላል፣ ሳይውል ሳያድር ወልድያ ሄደው ቀዶ ሕክምና ያድርጉ» ብሎ ወረቀት ጽፎላቸዋል። እሳቸው እምቢ አሉ። ልጃቸውን ካዩ እሺ ይሉ እንደሆን ብላ ነበር የጠራችው።

«እንዲያውም ትናንት ለዘብ ብለው ነበር» አለች።

አቶ ሞላ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ኖሯል። «እንግዲህ ተለቅሶልኛል» አሉ። «የተለቀሰለት ሰው ቢላ ሥር አይተኛም። ደግሞ የሞቴ መምጫ ታይቷል፤ ጥቁሩ ልብስ ቤቴ ገብቷል።»

ደምሴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባቱን ለማዳን ተጠርቶ መጥቶ፣ የመዳኛውን በር በገዛ እንባው ዘጋው። በሩን ከእሱ ጋር የዘጋሁት እኔም ነኝ። ኮቴን አውልቄ ከማንም ዐይን ሰወርኩት።

ቅዳሜ

እንጀራው የማሽላ ነው፤ ከለመድነው ጤፍ ጠቆር፣ ጎምዘዝ ይላል፣ ግን በሽሮ ይጣፍጣል። እኛ ሰፈር እንግዳ ሁለት ጊዜ «በቃኝ» ካለ ይተዉታል። እዚህ በቃኝ ባልኩ ቁጥር ዘነበች «ኧረ ምኑን ቀመሱት!» እያለች ትጨምራለች። አራተኛው ላይ እውነቴን እንደሆነ በምን ላስረዳት? እጄን ታጥቤ ብመለስ ሌላ ጉርሻ ጠበቀኝ። ጎረቤቶች የትናንቱን ለቅሶ ይቅርታ ለመጠየቅ ፓፓያና እንቁላል ይዘው መጡ፤ ሽንኩርት የምትሸጠዋም አንድ ጉንጉን ሽንኩርት ይዛ መጣችና ከበር ላይ አኑራው ሮጠች።

ከምሳ በኋላ አቶ ሞላን ለማሳመን ቆርጬ ገባሁ። ስለ ሕክምናው፣ ስለ አደጋው፣ ስለ ልጆቻቸው ጭንቀት አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«መልካም ብለሃል ልጄ። እሺ። ማሽላው ይሰብሰብና እናደርገዋለን» አሉኝ።

እየተፍለቀለቅኩ ወጥቼ «እሺ ብለዋል!» አልኳት ዘነበችን።

በሐዘኔታ አየችኝ። «ጋሼ፣ እሺ ያሉት እርስዎ እንግዳ ስለሆኑ ነው። እኛን ቢሆን እምቢ ይሉን ነበር» አለችኝ።

ወደ ማታ ደምሴ አባቱ እግር ሥር ተቀምጦ አየሁት። በኋላ አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መንገዱ አደከመህ። ሥራህ እንዳይበደል፣ ሰኞ በጠዋት ሂድ» አሉት። ደምሴ መሬት መሬት እያየ «እሺ» አለ። ሰምቼ ተናደድኩበት።

እሑድ

አያ እንድሪስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ከአቶ ሞላ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አንድ ላይ አርሰዋል፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ መስጊድ ከመሄዳቸው በቀር ተለያይተው አያውቁም አሉ። እንግዲህ እሳቸው ይመክሩልናል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ሰውዬው ስለ ሆስፒታል ትንፍሽ አላሉም። ማሽላውን ስለምትበላው ወፍ አወሩ። ስለ በሬያቸው እግር አወሩ። ስለ አማቻቸው ስንፍና አወሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ! እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ሊነሡ ሲሉ ምርኩዛቸውን ይዘው እንደገና ተቀመጡ።

«ነገ ወልድያ ጉዳይ አለኝ» አሉ።

«የምን ጉዳይ?» አሉ አቶ ሞላ።

«ጉዳይ ነዋ። ብቻዬን መሄዱ ከበደኝ። ዐይኔም እንደ ድሮው አይደለም፣ ወላሂ።»

ዘነበች ጓዳ ውስጥ ዕቃ መንካት አቆመች።

«ብቻህንማ አትሄድም» አሉ አቶ ሞላ በመጨረሻ።

«አልሐምዱሊላህ። ደግሞ ሞላ፣ በሕይወቱ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ነው የሚሉት። ለእኔ ማን ባለቀሰልኝ!»

ማንም ማንንም አላየም። ዘነበች ብቻ ወጣች። «ወልድያ ይበርዳል» እያለች፣ ደርሶ መልስ ለሚመስለው መንገድ ሁለት ጋቢ፣ ቅያሪ ልብስና ማንኪያ በፌስታል አሰረች። የጤና ጣቢያውን ወረቀት አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ

አምስታችንም በአንድ ሚኒባስ ወልድያ ገባን። ከመርሳ ሩቅ አይደለም። አቶ ሞላ መኪናው በነጠረ ቁጥር ሆዳቸውን ይይዛሉ፤ አያ እንድሪስ ሾፌሩን «ቀስ በል፣ እኔ ጎኔን ያመኛል» ይሉታል። ወልድያ ባጃጁ ብዛቱ! የእኛን አገር ታክሲ ያህል ይተራመሳል። የተሳፈርንበት ባጃጅ ሾፌር «የት ላድርሳችሁ?» አለ።

«ወደ ሆስፒታሉ» አሉ አያ እንድሪስ። «ጉዳዬ እዚያ አካባቢ ነው።» በሩ ላይ ስንደርስም፣ «ከመጣን አይቀር ይቺን ወረቀት አሳይተናቸው እንለፍ» አሉ። አቶ ሞላ ቀድመው ገቡ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። መርምራቸው ስታበቃ ያገኘችውን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፤ ቀዶ ሕክምናው ነገ ጠዋት እንዲሆን አዘዘች። አቶ ሞላ አልተከራከሩም። ከሰዓት በኋላ ለደምሴ ከትምህርት ቤት ተደወለለትና ረቡዕ ፈተና እንዳለበት አስታወሱት። አቶ ሞላ ይህን ሲሰሙ «ሂድ፣ ሂድ፣ እኔ ምን ሆንኩ» አሉ። ዘነበች «እኔ አለሁ» አለች። ደምሴ ለማክሰኞ አራት ሰዓት የሁለታችንን መኪና ያዘ። የእኔን ድርሻ ከፈልኩ። እኔም አጃቢ ነኝ።

እኔና አያ እንድሪስ አንድ ክፍል ተከራየን። እራት ስንበላ፣ «ለመሆኑ ጉዳይዎ ምን ሆነ? አላስፈጸሙም እኮ» አልኳቸው።

የቆረሱትን እንጀራ አስቀምጠው በደንብ አዩኝ። «የምታስተምረው ምን ነበር ያልከኝ?» አሉ።

ማክሰኞ

ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ሞላን አረንጓዴ ልብስ አልብሰው ባለጎማ አልጋ ላይ አስተኟቸው። ያ ረጅም ሰው አልጋው ላይ ሲታይ አነሰብኝ። ደምሴ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ አጠገባቸው ይራመዳል።

«በል ሂድ። መኪና እንዳያመልጣችሁ። ጋሼንም አታስጠብቀው» ይሉታል። «ሥራህን ያዝ።»

«እሺ አባ።»

በሩ ጋ ስንደርስ ነርሷ «ከዚህ በኋላ ቤተሰብ አይገባም» አለች። ደምሴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና ሊል ሲል አልቻለም። አቶ ሞላ የኮቱን እጅጌ ጨብጠው ይዘውታል።

«ደምሴ» አሉ፣ «ፈራሁ። አትሂድ።»

እኒያ ሰው በዕድሜያቸው ለልጃቸው እንዲህ ብለው አያውቁም። ዘነበች አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያ እንድሪስ ወደ ግድግዳው ዞሩ። የደምሴ ቦርሳ ከትከሻው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«አልሄድም፣ አባ» አለ። «የትም አልሄድም።»

እጅጌውን ለቀቁት። በሩ ተዘጋ።

አራት ሰዓት አለፈ፤ መኪናችንም ሄደ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አያ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ፣ ዘነበች ስለ እመቤቴ ትላለች፣ ደምሴ በሩን ያያል። እኔም አብሬያቸው ጸለይኩ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። አምስት ሰዓት አለፍ እንዳለ በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ጭንብሏን አውርዳ «በጥሩ ሁኔታ አልቋል፤ ነቅተዋል፣ በማደንዘዣው መርፌ እግራቸው ብቻ ነው የደነዘዘው» አለችን። አልጋውን እየገፉ አወጡት። አቶ ሞላ ከንፈራቸው ደርቋል። ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና ዐይናቸው በመካከላችን ፈለገ።

«ደምሴ፣ አለህ?»

«አለሁ፣ አባ።»